በረኛችን ይለወጥ ወይስ ይቆይ?

ከሁለት ሳምንት ወዲህ በመኝታ ቤቶቻችንም ሆነ በምግብ አዳራሹ ከፈተናው ይልቅ አብዝቶ የሚወራው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ይኸውም ስለ ሐይቅና አምባሰል ተማሪዎች የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ነው። ቡድናችን ባለፉት ሦስት ግጥሚያዎች ተከታትሎ ተሸንፏል፤ በሩም 7 ጊዜ ተደፍሯል። በዚህ ምክንያት «በረኛው ይለወጥልን» የሚል ወረቀት ተጽፎ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል እየዞረ ፊርማ ይሰበሰብበታል። ወረቀቱ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ከመድረሱ በፊት ይህች ጋዜጣ አሳቧን ልትገልጥ ትወዳለች። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ በረኛው እስከ ዘመኑ ትምህርት መጨረሻ በቦታው ይቆይ፤ ሁለተኛው በረኛም ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋጅ።

ይህን ስንል በረኛው መልካም ተጫውቷል ማለታችን አይደለም። ከጎን የሚሻገረውን ኳስ ለመያዝ ከመስመሩ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። በመጨረሻው ግጥሚያ የገባበት ሁለተኛው ጎል በሁለት እጆቹ መካከል አልፎ የገባ ኳስ ነው። ሜዳው ዳር የቆምን ሁላችን ያየነውን መካድ እርሱንም አይጠቅመውም።

ነገር ግን 7ቱን ጎሎች አንድ በአንድ እንቁጠራቸው። ሁለቱ ተከላካዮቻችን ኳስ በእጅ ነክተው በተሰጡ ሪጎሬዎች የገቡ ናቸው። ሦስቱ ደግሞ አማካዮቻችን ኳስ ከተነጠቁ በኋላ ወደ ኋላ መመለሱን ትተው ወገባቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ የተቃራኒው አጥቂ ከበረኛው ጋር ለብቻ ተገናኝቶ ያገባቸው ናቸው። የበረኛው ጥፋት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ወረቀቱ ግን 7ቱንም በአንድ ሰው ስም ጽፏቸዋል። የውጫሌ ልጅ አንድ ጉዳይ በሁለት ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ሆኖ እንደሚነበብ ከማንም ቀድሞ ይማራል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አገሩ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ሌላ፣ በጣልያንኛው ሌላ ነበርና። በረኛችን ወረቀቱን አንብቦ ዝም ያለው ምናልባት ስለዚህ ይሆናል።

«በረኛው ቢለወጥ ቡድኑ ይድናል» የሚለው እምነት በኛ አልተጀመረም። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበትን የ2005 ዓ.ም.ን ውድድር እናስታውስ። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ሕፃናት ነበርን፤ ሆኖም ቴሌቪዥን ባለበት ቤት በር ላይ ተጋፍቶ ያላየው ከመካከላችን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ጥር 13 ቀን በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩት ከተማ፣ ያለፈውን ዋንጫ ከወሰደችው ከዛምቢያ ጋር ነበር። (ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችውም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ዕለቱ ልክ 51 ዓመት ሞልቶት ነበር። ይህን ያስተዋለ ጋዜጠኛ ነበረ እንደ ሆነ እኛ አላገኘነውም።) በዚያ ጨዋታ ሳላዲን ሰይድ የመታውን ሪጎሬ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኒ አዳነበት። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የኛው በረኛ ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ እግሩን ከፍ አድርጎ የዛምቢያውን ተጫዋች ስለ መታ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። ዘሪሁን ታደለም ተተካ። ሜዳው ዳር የነበረው ደጋፊያችን በንዴት ያገኘውን ሁሉ ወደ ሜዳው ወረወረ። 10 ሰው ብቻ የቀረው ቡድን ግን ጎል ከገባበት በኋላ በአዳነ ግርማ ጎል አቻ ወጣ።

እስቲ ልብ እንበል። በዚያ አንድ ጨዋታ አጥቂያችንም ሳተ፣ በረኛችንም ሳተ። የአጥቂው ስሕተት ሌላ ሰው ጎል ሲያገባ ይረሳል፤ የበረኛው ስሕተት ግን ተጽፎ ይቀራል። ይህ የሥራው ጠባይ ነውና በረኛን የሚመዝን ሰው ይህን አስቀድሞ ከሚዛኑ ላይ ማውረድ ይገባዋል።

ከአራት ቀን በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። የሚገርመው ቡርኪና ፋሶም በረኛዋ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጥቶባት ነበር፤ ከ4ቱ ጎሎች 3ቱን ያገባችው ከዚያ በኋላ በ10 ሰው ስትጫወት ነው። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር ስንገናኝ ደግሞ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ጎል አልነበረም። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ሪጎሬ አገባ፤ በሁለተኛው ሪጎሬ ምክንያት በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጣ። የተቀያሪ ተራ አልቆ ስለ ነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። በሦስት ጨዋታ አራት ሰው በራችን ላይ ቆመ ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነበር? የጀማል ነው፣ የሲሳይ ነው እያልን ስንቆጥር ልንኖር እንችላለን። የኛ አስተያየት ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የአገራችን ታላቅ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ በር ላይ ያቆመው ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን ነበር፤ ሌሎችም ክለቦች ከውጭ አገር በረኛ ማምጣትን ለምደው ነበር። ክለብ ዋንጫ ይፈልጋልና የተዘጋጀ ሰው ማምጣቱ አያስወቅሰውም፤ ኦዶንካራም መልካም በረኛ ነበር። ነገር ግን በረኛ በልምምድ ብቻ አይሠራም። አጥቂ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ ለ10 ደቂቃ እየገባ ሊማር ይችላል፤ በረኛ ግን ካልተሰለፈ አይሰለፍም ነው። የውጭ አገር ሰው በቆመበት በር አጠገብ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ልጅ የሚማረው መቀመጥን ነው። አሠልጣኙ አቶ ሰውነት ቢሻው በጥር ወር ከዚያ ወንበር በቀር የሚፈልጉበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም።

ይለወጥ የሚሉት ወንድሞቻችን ሁለት ጠንካራ ምሳሌ አምጥተውልናል፤ ሳንጠቅሳቸው ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የመጀመሪያው የሊቨርፑል ነው። ግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. በኪየቭ ከሪያል ማድሪድ ጋር በተደረገው የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ በረኛው ሎሪስ ካሪየስ ሁለት ጎል በግልጥ ስሕተት አስገብቶ ቡድኑ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በዚያው ክረምት አሊሰን የተባለው ብራዚላዊ ተገዛ፤ በዓመቱም ሊቨርፑል ዋንጫውን ወሰደ። ይህ እውነት ነው። ግን ያ ምሳሌ የሚያስተምረን አሊሰን ላለው ሰው ነው። ደግሞም በኋላ የመረመሩት ሐኪሞች ካሪየስ በዚያ ጨዋታ በደረሰበት ግጭት ጭንቅላቱ ተመትቶ እንደ ነበር መናገራቸውን ሰዎቹ አልጨመሩልንም።

ሁለተኛው የሆላንድ ነው። ሰኔ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ከኮስታሪካ ጋር ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል አሠልጣኙ ሉዊ ቫን ኻል በረኛውን ያስፐር ሲለሰንን አውጥተው ቲም ክሩልን አስገቡ፤ ክሩልም ሁለት ሪጎሬ አድኖ ቡድኑን አሳለፈ። ይህን ምሳሌ እኛም እንወደዋለን። ቫን ኻል በረኛ የለወጡት ደጋፊ ስለ ፎጨ አይደለም፤ ነገሩን አስቀድመው አስበው ክሩልን ለዚያች ሰዓት አዘጋጅተውት ነበር። በሚቀጥለው ግጥሚያ ከአርጀንቲና ጋር ተቀያሪ አልቆባቸው ስለ ነበር ሲለሰን ራሱ በሪጎሬው ቆመ፤ ተሸነፉም፤ ሲለሰንን ግን አገር ጠላት አድርጎ አላባረረውም።

በዚህ በኩል ብራዚሎች የሠሩትን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1950 በማራካና ከኡራጓይ ጋር 2 ለ 1 የተሸነፉበት ጨዋታ በረኛ ሞአሲር ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞት ድረስ ያችን አንዲት ጎል ሲከስሱት ኖረ። እኛም በትንሿ ሜዳችን ይህንኑ ጀምረናል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በረኛው ኳስ በነካ ቁጥር የሚፎጨው የተቃራኒው ደጋፊ መሆኑ ቀርቶ የራሳችን ሰው ሆኗል። ልጁ እራት የሚበላው አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ እንደ ሆነ የማያውቅ ካለ ከእንግዲህ ይወቅ።

ከሁሉ የከፋው ነገር ግን ከዚህ በታች ያለው ነው። በረኛው የአምባሰል ልጅ ነው፤ ሁለተኛው በረኛ የሐይቅ ልጅ ነው። በወረቀቱ ላይ ያየናቸው ፊርማዎች ከጥቂቶቹ በቀር የሐይቅ ልጆች ፊርማ ናቸው፤ አልፈርምም ያሉት ደግሞ ከጥቂቶቹ በቀር የአምባሰል ልጆች ናቸው። ይህ ስለ በረኛ ችሎታ የተሰጠ ድምፅ ከሆነ እንዴት በወረዳ ሊከፈል ቻለ? ኳስ በእጅ መካከል ስታልፍ ለሐይቅ ልጅ ብቻ ትታያለችን? ወይስ ተከላካይ ኳስ በእጁ ሲነካ ለአምባሰል ልጅ ብቻ ይታያልን? ይህን የሚጽፈው የሐይቅ ልጅ ነውና ወገን ለይቶ ጻፈ ሊባል አይችልም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚሄደው አውቶቡስ አብረን ተሳፍረን፣ እኛ ሐይቅ ላይ ስንወርድ እነርሱ ወደ ውጫሌ ይቀጥላሉ፤ ልዩነታችን ይህችው ናት። አሁን ግን ከቋሚ ተሰላፊዎቹ አምስቱ የአምባሰል ልጆች «በረኛው በወረቀት ከወጣ እኛም ማልያችንን እንመልሳለን» ብለዋል። እንግዲህ ፈራሚዎቹ የሚያገኙት አዲስ በረኛ ሳይሆን 6 ሰው የቀረው ቡድን ነው።

ሁለተኛውን በረኛ የጠየቀውስ ማን ነው? እኛ ጠይቀነዋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለቡድኑ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተሰልፎ አያውቅም። የሰጠንን መልስ በፈቃዱ እንጽፈዋለን። «አሠልጣኝ ቢያስገባኝ እገባለሁ፤ ወረቀት ካስገባኝ ግን በመጀመሪያው ጎል ወረቀቱ ወደኔ ይዞራል» ብሎናል። ከፈራሚዎቹ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ያስተዋለው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

በ1954 ዓ.ም. ዋንጫ የወሰደው የአገራችን ቡድን በሁለት ጨዋታ 4 ጎል ገብቶበታል፤ ቱኒዚያ 2፣ ግብጽ 2። ከቱኒዚያ ጋር 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ነው ያሸነፈው። ከግብጽም ጋር ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ ካደረገ በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨርሰውታል። በሁለቱ ጨዋታ 8 ጎል አግብተዋልና የገባባቸውን 4 ጎል ዛሬ የሚያነሣው የለም። የኛ አጥቂዎች ግን በሦስት ግጥሚያ ያገቡት አንድ ነው። ስለ እነርሱ የዞረ ወረቀት አላየንም።

ስለዚህ ለማኅበሩ ስብሰባ የምናቀርበው እነሆ። ከስፖርት ሳይንስ ክፍል መምህራን አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን በረኞች ለብቻቸው እንዲያሠለጥኑልን በትሕትና እንለምናለን፤ በተለይም ከጎን በሚሻገር ኳስ ላይ። ከእንግዲህ የወዳጅነት ጨዋታ በተደረገ ጊዜ ሁሉ ሁለተኛው በረኛ ሙሉ 90 ደቂቃ ይሰለፍ፤ በውድድሩ ጨዋታ ግን የመጀመሪያው ይቁም። አምበሉ ከአማካዮቹ ጋር ተቀምጦ ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ የሚመለሰው ማን እንደ ሆነ በስም ይወስን። ሰኔ ሲደርስ ያሠለጠኑት መምህር ሁለቱን አይተው ይፍረዱ፤ ይለወጥ ካሉም ይለወጥ፤ እኛም ያን ጊዜ አንድ ቃል አንተነፍስም። ደግሞም ሁለቱ በረኞች በአንድ ጥንድ ጓንት እየተዋዋሱ እንደሚጫወቱ ገንዘብ ያዡ ይወቁልን፤ ያም ጓንት የግራው አውራ ጣት ተቀዷል።

ስብሰባው ሐሙስ በ11 ሰዓት በምግብ አዳራሹ ነው። ወረቀቱን የያዙት ወንድሞቻችን ይዘውት ይምጡ፤ እኛም የ7ቱን ጎሎች ዝርዝር ይዘን እንመጣለን።