ለራስ ፍልጠት ጊደር አትሽጡ!

ሰሞኑን እዚሁ ፌስቡክ ላይ «ማይግሬን በቻይና መርፌ ከነሥሩ ተነቀለ» የሚል ነገር እየተዘዋወረ ነው። አረም ነው እንዴ የሚነቀለው? ከሥሩ አስተያየቶቹን ሳይ የእኛው የላስታ ልጆች «አድራሻ ላኩልኝ፣ እናቴን ልውሰዳት» ይላሉ። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ጎረቤቴ የሆኑ እናት አምና ጊደር ሸጠው አዲስ አበባ ሄዱ። ዘመድ ቤት አርፈው ሦስት ሳምንት መርፌ ተደረገላቸው። እውነቱን ልናገር፣ ተሽሏቸው ነው የመጡት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርደው ተኝተው አገኘኋቸው። «ምነው እማማ?» ስላቸው «ተመለሰብኝ ልጄ፤ አሁንስ የምሸጠውም የለኝ» አሉኝ። ይህን ያስጻፈኝ ይህ ቃላቸው ነው።

«መርፌው ማጭበርበር ነው» ልል አይደለም። የሚሳለቁትንም አልደግፍም። አኩፓንክቸር የሚባለው ይህ ሕክምና በአገራችን አለ። የቻይና የሐኪሞች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አቃቂ ቃሊቲ ባለው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች በዚህ መርፌ ያክማሉ። መርፌው ቀጭን ነው፣ ምንም መድኃኒት አይረጭም።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም ግምገማ 22 ጥናቶችን፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሕመምተኞችን አይቷል። የሕመማቸው ድግግሞሽ በግማሽ የቀነሰላቸው፣ መርፌ ከተደረገላቸው ከ100ው 41 ሲሆኑ መርፌ ካልተደረገላቸው 17 ናቸው። በሌላ በኩል እውነተኛው መርፌ ከማስመሰያ መርፌ ጋር ሲወዳደር 50 ለ41 ነው። መብለጡን ይበልጣል፣ ግን በጥቂት። ከመከላከያ ኪኒኖች ጋር ሲወዳደር ደግሞ ቢያንስ እኩል ነው። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ «ከነሥሩ ተነቀለ» የሚለው የቱ ጋ ነው? የሚባለው «ቀነሰ» ነው። ያውም ለሁሉም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማይግሬን አንዴ ታክመውት የሚገላገሉት በሽታ አይደለም። የሚደረገው ነገር እንዳይደጋገም መከላከል ነው። መከላከል ደግሞ በባሕርዩ ድግግሞሽ ይፈልጋል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ መርፌውን የሚያነሳው ሁለቱ ኪኒኖች ሳይስማሙ ወይም ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው፤ ያኔም ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ጊዜ ይላል። አስቡት! ከላሊበላ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመንገዱን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። ሁለት ወር ማደሪያ፣ ምግብ፣ አስታማሚ፣ ቤት የቀረ እህልና ከብት። ሲመለስስ? እንደገና ጊደር? በሳምንት በሳምንት ልትደርሱበት የማትችሉት ነገር ለእናንተ መከላከያ አይደለም፤ ጉዞ ነው። አቃቂ ለሚኖር ሰው መልካም ነው፣ ይሞክረው። ለላስታ ገበሬ ግን ይህን እንደ መፍትሔ የሚነግር ሰው ወይ ርቀቱን አያውቅም፣ ወይ ገንዘቡን ፈልጓል።

እጅግ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው። እማማን ለስንት ዓመት «ራሴን» ሲሉ የሚሰጣቸው ማስታገሻ ብቻ ነበር። «በወር ስንቴ ያምዎታል? ብርሃን ያስጠላዎታል? ያቅለሸልሽዎታል?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። አሚትሪፕቲሊንና ፕሮፕራኖሎል የሚባሉ የቆዩ የመከላከያ ኪኒኖች እንዳሉም የነገራቸው የለም። ጊደር የማያሸጡ መድኃኒቶች ናቸው! በእርግጥ ሁሉም ሰው አይወስዳቸውም፤ ለምሳሌ አስም ያለበት ፕሮፕራኖሎል አይሰጠውም። ለዚህ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው። አሚትሪፕቲሊንን «የእብድ መድኃኒት ነው» ብለው የሚጥሉም አሉ። ለድብርት ስለሚሰጥ ነው። ለማይግሬን መከላከያም ይሰጣል፤ የሚወስደው እብድ አይባልም።

ሌላም አለ። ማስታገሻውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት የሚውጥ ሰው ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ስንቶቻችን ነን ከሱቅ ገዝተን እንደ ቆሎ የምንቅመው?

ግንባር በምላጭ የሚበጡትንም እለምናችኋለሁ፣ ተዉ። «ያውም መርፌ ይሄም ምላጭ» የሚል ሙግት ሰምቻለሁ። አይገናኝም። የሐኪሙ መርፌ ንጹሕ ነው፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው ይጥሉታል። ከሰው ሰው የሚዞር ምላጭ ግን ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይዞ ይዞራል።

ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣትና የለመዱትን ቡና በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ይቀሰቅሱታል። ጹሙ አትጹሙ የማለት ሥልጣን የለኝም። ግን በጾም ወቅት የሚብስበት ሰው ለንስሐ አባቱም ለሐኪሙም ይናገር።

«አንተ ሐኪም ነህ?» የሚል አይጠፋም። አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ራሷን ዴስክ ላይ የደፋች ተማሪ «ሌሊት ስልክ ስትነካኪ አድረሽ ነው» ብዬ ክፍል ሙሉ ሰው ፊት ያሳፈርኩ አስተማሪ ነኝ። ወጥታ አስመለሰች። ማይግሬን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ሕመሙ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የሚያምበትን ቀን በወረቀት መዝግባችሁ ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና «መከላከያ አለ ወይ?» በሉ። ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ ድንገት ከመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ እጅ እግር ካሰነፈ ወይም አንደበት ከያዘ ግን ያኔ መርፌም ጸበልም ብላችሁ አትዘግዩ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

መርፌው ጥሩ ነው የሚሉትም እውነት ከሆነ ሙያውን ለእኛ ባለሙያዎች ያስተምሩና ወልድያና ላሊበላ ድረስ ያምጡት። ያኔ እማማን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። እስከዚያ ግን ጊደሯ ትውለድ።