ብቻዋን ብትጓዝም ብቻዋን አትቅር!

የሰው ልጅ ለእንጀራ ሲል ከቀየው መነሣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የጎጃም ገበሬ የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ማጭዱንና ስንቁን ይዞ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርድ፣ የበረሃውን ሐሩርና የወባውን ትኩሳት ችሎ ሲመለስ ኖሯል። ይህ ጉዞ ድካም እንጂ ነውር ሆኖ ተቆጥሮ አያውቅም። በመሆኑም የአማኑኤል፣ የብቸና ወይም የሞጣ ልጅ ዛሬ ፓስፖርት ይዛ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ልሂድ ብትል፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ጉዞዋን በነውር መፈረጅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ወንድሟ ሁመራ ሲወርድ ካልተወቀሰ እርሷ ስለምን ትወቀሳለች?

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በቅጡ ሊመረመርም ይገባዋል። ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወርደው ሠራተኛ ከአገሩ ልጆች ጋር ይወርዳል። አብሮ ያጭዳል፤ አብሮ ይበላል፤ ሲታመም የሚያነሣው ጓደኛ አለው፤ የእርሻው ባለቤት ደመወዝ ቢከለክለው ሃያና ሠላሳ ሆኖ ይጠይቃል። በቤይሩት፣ በሪያድ ወይም በኩዌት በአንድ ቤት የተቀጠረችው እኅቱ ግን የሥራ ባልደረባ የላትም። የሥራ ቦታዋ መኖሪያዋ ነው፤ መኖሪያዋም የአሠሪዋ ቤት ነው። ደመወዟን የሚከፍላት፣ ምግቧን የሚሰፍርላት፣ የበሩን ቁልፍ የሚይዝባትና ብዙውን ጊዜም ፓስፖርቷን የሚቆልፍባት አንድ ሰው ነው። እንግዲህ አደጋው ከመሄዷ ሳይሆን ከብቸኝነቷ እንደሚመነጭ ሊሰመርበት ይገባል። መድኃኒቱም መፈለግ ያለበት ከዚሁ ነው።

ይህ ብቸኝነት በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን በሕግና በደንብ የተዋቀረ መሆኑን ማወቅ ያሻል። በበርካታ የዓረብ አገሮች የሚሠራበት ከፋላ የተባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። አሠሪዋን ትታ የወጣች ዕለት፣ የወጣችው ተደብድባም ይሁን ደመወዟን ተከልክላ፣ ሕገ ወጥ ተብላ ልትያዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ሳዑዲ ዓረቢያም በ2013 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ደንቧን ስታሻሽል የቤት ሠራተኞች በማሻሻያው አልታቀፉም። በአንጻሩ ኩዌት በ2007 ዓ.ም. የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች፤ ቀጠርም በ2012 ዓ.ም. ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጥ ፈቅዳለች። ይህም የሚያስረዳው ከፋላ ሰው የሠራው፣ ሰውም ሊለውጠው የሚችል ሥርዓት መሆኑን ነው። ይሁንና በወረቀት የሰፈረ መብት የተቆለፈ በር አልፎ የሚገባው፣ ከበሩ ውስጥ ያለችው ሴት መብቷን ስታውቅና ከበሩ ውጭ የሚጠይቃት ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ባለፉት ዓመታት የደረሰው ሁሉ ለዚህ ምስክር ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች ከሳዑዲ ዓረቢያ ተጠርዘው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ለዓመታት የደከሙበትን ሳይዙ በለበሱት ልብስ ብቻ ቦሌ ወርደዋል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ እርዱኝ እያለች ስትጮህ፣ አሠሪዋ እጇን በመዘርጋት ፈንታ በስልኳ ስትቀርጻት ዓለም አይቷል። ልጅቱ ወድቃ በሕይወት መትረፏ ተአምር ነው። በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስና በኮሮና ወረርሽኝ ስትናጥ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ከእነርሱም ውስጥ ደመወዛቸው ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርታቸውም ያልተመለሰላቸው ነበሩ።

በእያንዳንዱ ወቅት አልቅሰናል፤ ተቆጥተናል፤ ሻማም አብርተናል። ይሁን እንጂ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ልቅሶአችን ሁልጊዜ ከአደጋው በኋላ የሚመጣ ነው። አደጋው የሚጀምረው ቤይሩት ወይም ጅዳ እንዳልሆነ አጥብቀን መገንዘብ ይገባናል። አደጋው የሚጀምረው አማኑኤል አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። በአማኑኤል የሚያልፈው አውራ ጎዳናና በብቸናና በሞጣ የሚመጣው መንገድ ደጀን ላይ ተገናኝተው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ። ከሁለቱም መንገድ ልጃገረዶች በአንድ ፌስታል ልብስ ይዘው፣ የማያውቁትን ሰው ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ያላየ የሠፈር ሰው ማን ነው? ዓይተን ምን አልን?

እዚህ ላይ ራሳችንን መሔስ ግድ ይላል። ደላላው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሠፈራችን ሰው ነው፤ በሰንበቴው ይቀመጣል፤ በለቅሶው ይገኛል፤ «የእገሌን ልጅ ልኬ ቤታቸው ቆርቆሮ ለበሰ» እያለ ሲሰብክ በዝምታ ሰምተነዋል። አባት በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አከራይቶ፣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ለደላላው ሲከፍል፣ ልጅቱ ገና ሳትሄድ ባለዕዳ መሆኗን እያወቅን ምርቃት ጨምረናል። ባለዕዳ የሆነች ልጅ ደግሞ ብትደበደብም አትመለስም፤ ምክንያቱም በሬው የለም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የመታወቂያው ጉዳይ ነው። የ15 ዓመት ልጅ 20 ዓመት እንደሞላት ተደርጎ የሚጻፍላት መታወቂያ ከሰማይ አይወርድም። የሚጽፈው እጅ አለ፤ የሚያርፍበት ማኅተም አለ፤ የሚመሰክር ጎረቤት አለ። ለልጅቱ ዕድሜ ስንጨምር የጠቀምናት ይመስለናል፤ በተግባር ግን በልጅነቷ ሊደርሳት የሚገባውን የሕግ ከለላ በገዛ እጃችን መግፈፋችን ነው።

ብቻ መጓዝ በራሱ አደጋ አለመሆኑን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከራሷ ሕይወት ታውቃለች። እርሷም በወጣትነቷ ለትምህርት ብቻዋን ባሕር ተሻግራለች። የምትሄድበትን ከተማና የምታድርበትን ክፍል ቁጥር አውቃ ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ስሟን በወረቀት ጽፎ የጠበቃት ሰው ነበር፤ ፓስፖርቷ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ አንድ ሳምንት ከትምህርት ገበታዋ ብትቀር የሚፈልጋት ነበረ። ከአማኑኤል የምትነሣዋ ልጅ ከእርሷ የምታንሰው በብልኅነትም በድፍረትም አይደለም። የሚጎድላት ከኋላዋ የሚቆም ድርጅትና ቀድሞ የሚደርሳት ዕውቀት ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በእኛ አቅም ሊሟላ የሚችል ነገር ነው።

«ታዲያ ፈጽሞ አይሂዱ ብሎ መከልከል አይሻልም ወይ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳባቸው ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ተጨባጩ ልምድ አይደግፈውም። ከጥቅምት 2006 እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ድረስ ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገው ጉዞ ታግዶ ነበር። እገዳው ሕጋዊውን በር ዘጋ እንጂ ችግሩን አልዘጋውም፤ ተጓዡን ለደላላው አስረከበው። የደላላው መንገድ ደግሞ በበረሃና በጀልባ የሚያልፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ብቻ ጂቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሰጥመዋል። በመተማ በኩል የሚያልፈውም መንገድ ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ከገባች ወዲህ ወደ እሳት የሚወስድ ሆኗል።

እንግዲህ የቀረው መንገድ ሕጋዊው መንገድ ነው፤ ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በ2013 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው እንደሚደነግጉት፣ ለሥራ የምትሄድ ሴት 18 ዓመት የሞላትና በሙያዋ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ የያዘች መሆን አለባት። የምትሄደው ኢትዮጵያ የሥራ ስምሪት ስምምነት ወዳደረገችበት አገር፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው እንጂ የእርሷ አይደለም። እርሷ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ወጪ ነው። ስለዚህ በሬህን ሽጠህ አምጣ የሚል ሰው ሁሉ ሕገ ወጥ ደላላ መሆኑን በዚህ መለየት ይቻላል። ሰውን በማታለል ለብዝበዛ የሚዳርግም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ተጓዧ ራሷ ልታደርገው የሚገባ አለ። ውሏን ሳታነብ ወይም ሳታስነብብ አትፈርም፤ ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የአሠሪዋን ሙሉ አድራሻ ለይታ ትወቅ። የውሉን፣ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ አንዱን ለቤተሰቧ፣ አንዱን ለምታምነው ሰው ትተው፤ በስልኳም ፎቶ አንሥታ ትያዝ። ስልክ ሊነጠቅ ስለሚችል የቤተሰቧንና የኤምባሲውን ቁጥር በቃሏ ታጥና። የፖሊስ ቁጥርም እንዲሁ፤ በኩዌትና በሊባኖስ 112፣ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስና በቀጠር 999 ነው። ደመወዟ በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ትጠይቅ፤ ያልተቀበለችውን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብላ አትፈርም። ከቤተሰቧ ጋር ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ የምሥጢር ቃል ትስማማ፤ አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ እንኳ «የአክስቴ ላም ወለደች ወይ?» ብላ ብትጠይቅ እናቷ መከራ ላይ መሆኗን ትረዳ። የቱንም ያህል ቢጨንቃት በመስኮት ለመውረድ አትሞክር፤ በዚህ መንገድ ያለቁት እኅቶቻችን ጥቂቶች አይደሉም።

ሆኖም ይህን ሁሉ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ጭኖ «ተጠንቀቂ» ብሎ መሸኘት ኃላፊነትን መሸሽ ነው። እድር የሞተን ለመቅበር የሚያውለውን ኃይል ከፊሉን በሕይወት ያለችውን ለመጠበቅ ማዋል ለምን ያቅተዋል? እያንዳንዱ ቀበሌና እድር በውጭ ያሉ ልጆቹን ስም፣ የአሠሪያቸውን አድራሻና ውላቸውን የሚመዘግብበት አንድ መዝገብ ይኑረው። በየወሩ የሚደውል ሰው ይመደብ፤ ሁለት ወር ድምፅዋ የጠፋ ልጅ ካለች ጉዳዩ በጽሑፍ ለላካት ኤጀንሲ፣ ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትና በውጭ ጉዳይ በኩል ለኤምባሲው ይድረስ። አንዲት እናት ብቻዋን ስታመለክት ነገ ነይ የምትባልበት ጉዳይ፣ መቶ አባወራ ፈርሞ ሲያቀርበው በዋዛ አይታለፍም። ከስደት የተመለሱ እኅቶችም በሐሜት ከመሸማቀቅ ወጥተው የሚሄዱትን እንዲያስተምሩ መድረክ ይሰጣቸው፤ ከእነርሱ የተሻለ መምህር ከየት ይገኛል? ዕድሜ የሚጨምር ማኅተም ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

የተደራጀ ኃይል ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩን ራሳቸው ስደተኞቹ ናቸው። በሊባኖስ የሚገኙ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለኛ በስደት» የተባለ ማኅበር መሥርተው፣ በዚያ በ2012 ዓ.ም. የመከራ ወቅት ለተጣሉት እኅቶቻቸው ምግብና መጠለያ ሲያቀርቡ ታይተዋል። ከዚያ ቀደም ሲል በጥር 2007 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገር የቤት ሠራተኞች በዚያው በቤይሩት የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመዋል፤ መንግሥት ዕውቅና ቢነፍጋቸውም ድምፃቸው ተሰምቷል። ፊሊፒንስ በ2010 ዓ.ም. አንዲት ዜጋዋ ኩዌት ውስጥ ተገድላ በተገኘች ጊዜ ሠራተኛ መላኳን አቁማ በመደራደር፣ ፓስፖርትና ስልክ በሠራተኛዋ እጅ እንዲቆይ የሚያደርግ ስምምነት አስፈርማለች። እነዚህ ምሳሌዎች የሚያስተምሩን ጉልበቷን የምትሸጥ ሴት ክብሯን አብራ የምትሸጥበት ምክንያት እንደሌለ ነው።

ከአማኑኤል መናኸሪያ ነገ ጠዋት የምትሳፈረው ልጅ የአንድ ቤት ልጅ ብቻ አይደለችም። የሚያውቃትና የሚጠይቃት፣ ስትጠፋም የሚፈልጋት ሠፈር እንዳላት ደላላውም፣ ኤጀንሲውም፣ አሠሪዋም ሊያውቁ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ ግን መታጠፍና መሸመን ያለበት እርሷ አውቶቡስ ላይ ከመውጣቷ በፊት ነው። የመጀመሪያው ክር በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ የሚከፈተው መዝገብ ይሁን!