ሰባተኛዋ ማንቡክ

በተርሚናል ላይ ረጅም መስመርን ከ80 ምልክት በኋላ ወደ ታች የማጠፍ ልማድ መነሻው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ባለ 80 ዓምድ ካርድ ነው። ማጠፉን አንነቅፍም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም በመስመር መጨረሻ ቃልን ይከፍሉ ነበር። ፊደልን ግን አልከፈሉም!

አንዳንድ የማጠፊያ ፕሮግራሞች የሚቆጥሩት ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛው 3 ይይዛል። የመተከሏን «ማንቡክ» ያለ ክፍተት ደጋግመን ጽፈን በ80 ባይት ብናጥፈው ስድስቱ በደህና ያልፋሉ፤ በሰባተኛው ላይ «ቡ» ከሁለተኛው ባይቱ በኋላ ተቆርጦ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ይህን ያየ የማንቡክ ተማሪ ፊደሉን ለኮምፒዩተር የማይመች አድርጎ እንዳይቆጥረው እንሰጋለን። ጉድለቱ የቆጠራው ነው። የፕሮግራም መምህራንም የመጀመሪያውን ሙከራ በዚህችው ስም ቢያሠሩ እንመርጣለን።