የጥበብ ትምህርት የባለጸጋ ልጆች ብቻ አይደለም!



በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርትም የክዋኔና የእይታ ጥበባት በአንደኛ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። ድንጋጌውን አንነቅፍም። የሠለጠነው መምህር፣ ክራሩ፣ ቀለሙ የት አለ? ብለን ግን እንጠይቃለን።

በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለጎደለው መምህር ማሟያ ሆኗል። ማሲንቆ ይዞ የማያውቅ መምህር ስለ ማሲንቆ ያስነብባል፤ ተማሪው የቀለም ቅልቅልን በነጭ ጠመኔ ከተጻፈበት ሰሌዳ ይገለብጣል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው! ተጠያቂው መምህሩ ሳይሆን ሳያሠለጥን የመደበው አካል ነው።

ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ የሙዚቃ አስጠኚ ይቀጥራል። የቀን ሠራተኛው ልጅ ግን ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሲቀርብ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም። የተሸነፈው ገና አንደኛ ክፍል ሳለ ነው።

«ዳቦ ሳይኖር ሙዚቃ ምን ያደርጋል?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ሽመናም፣ ልብስ ስፌትም፣ ሕትመትም፣ ፊልምም እንጀራ ናቸው።

ብንመረጥ፦

1. በመምህራን ኮሌጆች የጥበብ መምህራንን እናሠለጥናለን፤
2. ለመሣሪያና ለቀለም ወደ ሌላ ወጪ የማይዛወር በጀት እንመድባለን፤
3. የአካባቢ የጥበብ ባለሙያዎች በክፍያ እንዲያስተምሩ እናደርጋለን።

መብቱ የልጆቻችሁ ነው፤ በድምፃችሁ አስከብሩት!