በሩ ላይ ሰው ይቁም

ሮቦት አልጠላም። እንጀራዬ ኮድ ነው። ግን አንድ ነገር ላይ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ተጣልቻለሁ፦ ሆስፒታል የመጣን ሽማግሌ በር ላይ የሚቀበለው ሰው የሚመስል ማሽን መሆን የለበትም።

ነገሩ ምናብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቤልጂየም ውስጥ፣ በሊዬዥና በኦስተንድ ከተሞች፣ ሁለት ሆስፒታሎች ፔፐር የሚባለውን ሮቦት እንግዳ ተቀባይ አደረጉት። ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ደረቱ ላይ ታብሌት፣ ድምፁ የሕፃን። ቆይቶ ደግሞ ፓሪስ ያለው የአረጋውያን ሆስፒታል ብሮካ ተራውን ወሰደ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በተሠራው «ስፕሪንግ» በተባለ የምርምር ፕሮጀክት፣ አሪ የሚባል የባርሴሎና ሮቦት ታካሚዎችን እንዲቀበልና እንዲያነጋግር ተሞከረ። ተመራማሪዎቹን አከብራለሁ። ብዙ ሰው ባንዴ በሚያወራበት ክፍል ማን ለማን እንደተናገረ ማሽን እንዲለይ ማድረግ ከባድ ሥራ ነው፤ አልሸሹትም።

እኛም ጋ ይህን የሚመኝ ወጣት ሞልቷል፤ ይገባኛል። የሶፊያ ሶፍትዌር ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆች እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ራሷ መጥታም ነበር። (የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፍቶባት! ያኔ ነው ከልቤ የራራሁላት።)

የኔ ጠብ ከፊቱ ጋር ነው። ስክሪን ፊት ቆሞ ሆዱን የሚያወራ የለም። ዓይንና አፍ ያለው ነገር ግን «ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ» ይላል። መስማቱ እንዴት ነው? ብዙዎቹ የንግግር ሲስተሞች ሰው ተናግሮ መጨረሱን የሚያውቁት በዝምታ ነው። ለትንሽ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ ለማይሞላ፣ ጸጥ ካልክ «ጨርሷል» ብለው መልስ ይጀምራሉ። ያቺን ቁጥር እኔም ጽፌያታለሁ፤ አንድ መስመር ናት። አያቴ ግን «ምን ሆንሽ?» ስትባል «ያው እንግዲህ ልጄ…» ብላ ትተነፍሳለች። ቀጥላ ስለ ጉልበቷ ታወራለች። ደረቷን እንደወጋት የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም «ይሄስ ምንም አይደል» ብላ። እዚያ ድረስ የሚጠብቃት የትኛው ሲስተም ነው?

ድምፁስ? ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚከዳው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ «ሰ»ና «ፈ» ይምታታሉ። ታዲያ ለአረጋውያን መቀበያ የሕፃን ድምፅ ያለው ማሽን ያቆመው ሰው ማንን እያሰበ ነበር? ፎቶ አንሺውን ይመስለኛል።

«ሰው የለማ!» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አውሮፓም እዚህም ባለሙያ ያጥራል። ደግሞ የኛ ካርድ ክፍል ገነት አይደለም፤ በዚያች መስኮት ስንቴ ተጮኾብኛል። ግን የጮኸብኝን ሰው አንዲት እናት «ተው ልጄ» ስትለው ሲያፍር አይቻለሁ። ሰው ካጠረ ማሽኑን ጀርባ አስገቡት። የጠፋ ካርድ ይፈልግ፣ መድኃኒት ያመላልስ፣ ቀጠሮ ያስታውስ። በዚያ የተረፈው ሰው በሩ ላይ ይምጣ። የሚደረገው ግን ግልባጩ ነው፤ ጀርባ ያለ ሮቦት ዜና አይሆንማ።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የግል ክሊኒክ የተራ መያዣ ስክሪን ሠርቼ ነበር። ሥራ በጀመረበት ጠዋት ጥግ ይዤ በኩራት እያየሁ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡና «እንደምን አደራችሁ» አሉ። ለማን እንዳሉ አላውቅም፤ ፊት ለፊታቸው ያለው የኔ ስክሪን ነው። ስክሪኑ «ቋንቋ ይምረጡ» አላቸው። ቆሙ። እኔ የማየው ጣታቸው የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካ ነበር። ዘበኛው ግን ፊታቸውን አየ። «እማማ፣ ይምጡ እዚህ አረፍ ይበሉ» ብሎ ክንዳቸውን ሲይዝ ልብሳቸው በላብ ርሷል። ሮጦ ነርስ ጠራ። የስኳር ታማሚ ናቸው፤ ለምርመራ ብለው ቁርስ ሳይበሉ መጥተው ስኳራቸው ወርዶ ነበር።

የኔ ስክሪን ፊት አልነበረውም፤ ተመስገን እላለሁ። ፊት ቢኖረው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እንኳን ደህና መጡ» ቢላቸው፣ ዘበኛው «እያነጋገራቸው ነው» ብሎ ከወንበሩ አይነሳም ነበር።

ማታ የቀኑን መዝገብ ከፈትኩት። ሲስተሙ ከጠዋቱ ተጠቃሚዎች አንዷን «አቋርጣ ሄዳለች» ብሎ መዝግቧል። ቃሉን የመረጥኩት እኔው ነኝ።