ጠባብ መንገድ፣ ሁለት ሞተር ሳይክሎች፣ አንድ በጀት

የደጋ ሰው ለገደል መንገድ ከፈረስ ይልቅ በቅሎ ይመርጣል። ፈረስ በሜዳ እንደሚበልጥ ያውቃል፤ በገደል አፋፍ ላይ የሚፈለገው ግን የማይስት እርምጃ ነው። በቅሎዋን ሲገዛም ገፈራዋን ከዋጋዋ ጋር አብሮ ያሰላል። በውጭ አገር የሚገኙ የልማት ማኅበራት ለትውልድ ወረዳቸው ጤና ሠራተኞች ሞተር ሳይክል ለመግዛት ሲመክሩ ይህን የቆየ ስሌት ሊዘነጉት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን፣ በአመዛኙ ሴቶችን፣ በገጠር ቀበሌዎች አሰማርቷል። በብዙ ደጋማ ወረዳዎች ከጤና ኬላው እስከ መጨረሻው ጎጆ ያለው መንገድ መኪና የማይገባበት የእግር መንገድ ነው። በበረዶ የተያዘ የክትባት ሣጥን ቅዝቃዜውን ጠብቆ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የሞተር ሳይክል ምርጫ የሽፋን ጥያቄ ነው፤ የተሳሳተው ከተገዛ የሚቀረው መጨረሻው ጎጆ ነው።

ሁለት አማራጮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው ያማሃ ኤጂ 200 ነው። «ኤጂ» የሚለው ስያሜ ግብርናን ያመለክታል፤ ሞተር ሳይክሉም የተሠራው ለእርሻ ሥራ ነው። ሞተሩ 196 ሲሲ ነው። ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፤ የፊትም የኋላም ፍሬኑ በጎማው እምብርት ውስጥ የተዘጋ ነው። ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ማቆሚያ እግር አለው። ሁለተኛው ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል ነው። ሞተሩ 149 ሲሲ ነው፤ የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ ካቴናው ገላጣ ነው። ሁለቱም በአየር የሚቀዘቅዙ፣ አሠራራቸው ቀላል፣ አምስት ማርሽ ያላቸው ናቸው።

በጥርጊያ መንገድ ላይ ከሆነ ሆንዳው የተሻለ ይመስላል። ቀለል ብሎ ይነዳል፣ የዲስክ ፍሬኑም በፍጥነት ላይ እምነት ይሰጣል። ጠባብ የእግር መንገድ ግን ሌላ ፈተና ያቀርባል። ጉዞው በአብዛኛው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ጭቃና አሸዋ ገላጣ ካቴናን ቶሎ ይበላሉ፤ የተሸፈነው ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖረዋል። መሬቱ ወደ ግራ ሲያዘነብል በግራ ብቻ የሚቆም ሞተር ሳይክል ጭነቱን ይዞ ሊወድቅ ይችላል፤ በሁለቱም በኩል መቆሚያ መኖሩ እንደ ቅንጦት አይታይም።

ከፍታው ደግሞ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ካርቡሬተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። በቆላ የሚበቃ 149 ሲሲ በደጋ ዳገት ላይ፣ ከጭነት ጋር፣ ሊያቅተው ይችላል። በእነዚህ መመዘኛዎች ለደጋማ ጠባብ መንገድ ኤጂ 200 ይመረጣል።

ይሁንና ሁለቱም አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። መቀመጫቸው ከመሬት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ሲሞሉም 130 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ቁመቷ 1.57 ሜትር የሆነች ሠራተኛ በአንዱ ላይ ተቀምጣ ሁለት እግሮቿን አስተማምና መሬት ማስረገጥ ይቸግራታል፤ ብቻዋን ሳለች ዳገት ላይ ቢወድቅባት ማንሣት አለባት። መራጮቹ ስለ ሲሲ ሲከራከሩ ይህች ሴት በስብሰባው ላይ የለችም። ምርጫው የሚሰምረው የምትነዳው ሰው ቀድማ ከሞከረችው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የገፈራው ጥያቄ ነው። ራይደርስ ፎር ኸልዝ የተባለው ድርጅት መነሻው ይኸው ነበር። ባሪ ኮልማንና የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ተወዳዳሪው ራንዲ ማሞላ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያን ሲጎበኙ በቀላል ጥገና ሊሠሩ ይችሉ የነበሩ ተሽከርካሪዎች ቆመው አገኙ። ድርጅቱ በኋላ በተራራማዋ ሌሶቶ ለጤና ሚኒስቴሩ 47 ሞተር ሳይክሎችን በመደበኛ ጥገና ለዓመታት አገልግሎት ላይ አቆይቷል። ወጪውን በኪሎ ሜትር ያሰላ ነበር፤ ጥገናውም ከብልሽት በፊት የሚደረግ ነበር።

ሒሳቡን ለማየት አንድ ማኅበር ለ10 ሞተር ሳይክሎች የሚበቃ ገንዘብ ሰበሰበ እንበል። አሥሩንም ገዝቶ፣ ጥገና አጥተው በሁለት ዓመት ቢቆሙ፣ ወረዳው ያገኘው የ20 ሞተር-ዓመታት አገልግሎት ነው። ስድስት ገዝቶ የአራቱን ዋጋ ለመለዋወጫ፣ ለመካኒክና ለአሽከርካሪ ሥልጠና ቢያውል፣ ስድስቱም አምስት ዓመት ቢሠሩ፣ 30 ይሆናል። በዚህ ምሳሌ አሥሩ በአማካይ ሦስት ዓመት ካልዘለቁ ስድስቱ ይበልጣሉ።

የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። የጥገና ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ሊውል ይችላል፤ ሞተር ሳይክል ግን ይታያል፣ ይቆጠራል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። መፍትሔው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አለመስጠት ነው፤ በየወሩ በተነዳው ኪሎ ሜትርና በተመዘገበው የጥገና ሥራ ልክ መክፈል። ኪሎ ሜትርም ይቆጠራል፤ እንዲያውም ከርክክብ ቀን ፎቶ ይልቅ ስለ አገልግሎቱ የሚነግረው እሱ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሦስት ነገሮችን ያረጋግጥ፦ አጭሯ ነጂ ሞተር ሳይክሉን ከመሬት ማንሣት መቻሏን፣ ካቴናና ካንዴላ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ መገኘታቸውን፣ የአራተኛውን ዓመት ጥገና የሚከፍለው ማን መሆኑን። የኤጂ 200 መለዋወጫ በአካባቢው ከሌለና የሆንዳው ካለ ከላይ የተሰጠው ፍርድ ይገለበጣል፤ ሆንዳው ይገዛ። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለ ግን ሁለቱም አይገዙ። ገፈራ ያልታሰበላት በቅሎ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆን፣ ክረምቱን አታልፍም።