በመጋዘን ውስጥ ከፍጥነት የሰው ሕይወት ይቅደም

የማዳበሪያ ማከፋፈያ ወቅት በደረሰ ቁጥር የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖች ሥራ ይበዛባቸዋል። ማዳበሪያው የዘር ጊዜ ሳያልፍ ለገበሬው መድረስ ስላለበት፣ የመጣው መኪና ቶሎ እንዲራገፍ ሁሉም ይቸኩላል። ጆንያ ተሸክሞ መዋል የወጣቱን ወገብ የሚጎዳ ሥራ ስለሆነ፣ አቅም ያገኘ ዩኒየን ፎርክሊፍት ወደ መጋዘኑ ቢያስገባ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ሊገዛ ወይም ሊከራይ ሲታሰብ ውይይቱ በዋጋውና በነዳጁ ወጪ ብቻ ማብቃት የለበትም። በአጠገቡ የሚመላለሰው ጫኝና አውራጅ የእኛው የአባላቱ ልጅ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ፎርክሊፍት እንደሌላው መኪና አይደለም። በፊቱ ሹካ የሚያነሣው ጭነት እንዳይደፋው ከኋላው ከባድ ብረት ተደርጎለታል። ስለዚህም 25 ኩንታል የሚያነሣው ዓይነት ባዶውን ከ35 ኩንታል በላይ ይመዝናል። የሚታጠፈው በኋላ ጎማው በመሆኑ፣ ሲዞር ጀርባው ወደ ጎን ይወጣና የቆመን ሰው ከግድግዳ ወይም ከጆንያ ቁልል ጋር ሊያጣብቅ ይችላል። ጭነቱ ወደ ላይ ከፍ ባለ መጠንም ሚዛኑ ይቀንሳል። ጭነቱን እንደ ሰቀለ በድንገት የታጠፈ ወይም ጉድጓድ የገባ ፎርክሊፍት በቀላሉ ይገለበጣል።

በመሆኑም ኦፕሬተሩ ሲጓዝ ሹካውን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ አንሥቶ መሄድ፣ ጭነቱ ፊቱን ከጋረደውም ወደ ኋላ እያየ በኋላ ማርሽ መንዳት አለበት። ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድም ጭነቱ በዳገቱ በኩል ሆኖ በኋላ ማርሽ መውረድ ይገባዋል። 25 ኩንታል የተባለው አቅም የሚሠራው ጭነቱ ወደ መኪናው ተጠግቶ ሲቀመጥ ነው፤ ወደ ሹካው ጫፍ ከራቀ አቅሙ ይቀንሳል። ሰውን በሹካው ላይ አቁሞ ከቁልል ጫፍ ማድረስም ፈጽሞ መከልከል አለበት። መኪናው መገልበጥ ከጀመረ ዘሎ ለማምለጥ መሞከር አደገኛ ነው፤ የዘለለውን የሚጨፈልቀው ያው የመኪናው ጣሪያ ነውና። ቀበቶውን ያሰረ ኦፕሬተር መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ከሚወድቅበት አቅጣጫ ተቃራኒ ዘንበል ማለት ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ኦፕሬተሩ ይወቀው ብሎ መተው ግን አይበቃም። በእኛ አስተያየት ዋናው ሥራ የመሪዎች ነው። አንደኛ፣ የእግረኛና የፎርክሊፍት መንገድ በወለሉ ላይ በቀለም ይለይ። ሁለተኛ፣ ጫኝና አውራጆች በሚያራግፉበት በር በዚያው ሰዓት ፎርክሊፍት አይግባ። ሦስተኛ፣ የመኪናው ቁልፍ በመጋዘን ኃላፊው እጅ ይሁን፤ ላልሠለጠነ ሰው ቁልፍ የመከልከልና አደጋ ሲያይ ሥራውን የማስቆም ሥልጣንም ይሰጠው። አራተኛ፣ መኪናው በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ጭሱ እንዳይታፈን በሮች ተከፍተው ይሠራ። አምስተኛ፣ የኦፕሬተሩ ክፍያ በቀን እንጂ ባራገፈው ጭነት ልክ አይሁን። በጆንያ ቁጥር የሚከፈለውን ሰው ቀስ ብለህ ንዳ ብሎ መምከር ከንቱ ድካም ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ጫኝና አውራጆቹ በኮንትራት የመጡ ናቸው የሚል ምክንያትም ከኅሊና ወቀሳ አያድንም። መጋዘኑ የማኅበሩ ነው፤ በውስጡ የሚደርሰውም የማኅበሩ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ሥራ ያጓትታል የሚሉ አይጠፉም። ጥቂት ደቂቃዎች መውሰዱ እውነት ነው። ነገር ግን ፎርክሊፍት ተገልብጦ ሰው የተጎዳበት መጋዘን ያን ቀን ሥራው ይቆማል፤ የሚጠብቀው ገበሬም ባዶ እጁን ይመለሳል። የተሰበረ እግር ደግሞ ለዘር ጊዜ አይደርስም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የማኅበራት መሪዎች የሚቀጥለው የማዳበሪያ ጭነት ከመድረሱ በፊት ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዘው ሊወስኑበት ይገባል እንላለን።